የተቆጠረልን ጽድቅ

ከፕሮቴስታንት የነገረ መለኮት መጻሕፍት የመጣው «የተቆጠረ ጽድቅ» የሚለው ስያሜ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብዙም አልተለመደም። ግሱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። አብርሃም አመነ፤ እምነቱም ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። ይህ በዘፍጥረት 15 ተጽፏል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ሮሜ 4ን የሠራው በዚሁ ቃል ነው። በግሪኩ «ሎጊዞማይ» የሚለው ግስ በዚያ አንድ ምዕራፍ 11 ጊዜ ይመላለሳል። የሒሳብ ቃል ነው። ድጓውን በአገሩ በቤተልሔም ያስመሰከረ የጋይንት ሊቅም የግእዙን «ኈለቈ» አይስተውም፤ ቆጠረ ማለት ነው።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ኃጢአተኛ በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው በራሱ ሥራ ሳይሆን በክርስቶስ ጽድቅ ነው፤ ያ ጽድቅ በእምነት እንደ ራሱ ይቆጠርለታል፣ በደሉም በክርስቶስ ላይ ይቆጠራል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ሜላንክተን በ16ኛው መቶ ዘመን አጥብቀው የተከራከሩለት ይኸው ነው። የኛው ዲያቆን ሚካኤል በ1534 እ.ኤ.አ. ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሁለቱ ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በላዔ ሰብእን ያስባል። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በሚተረከው ተአምር ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። በፍርድ ጊዜ ነፍሶቹ በአንድ ወገን፣ ውሃዋ በሌላው ተመዘኑ፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍባት ውሃዋ መዘነች። ሁለቱም የማይገባውን ሰው የሚያድን ምሕረት ይናገራሉ፤ ሆኖም አንድ አይደሉም። በበላዔ ሰብእ ሚዛን ላይ የሰውየው ምጽዋት አለ፤ አማላጅም አለች። በተቆጠረው ጽድቅ ግን ከሰውየው ወገን የሚመዘን ነገር የለም። ይህን ልዩነት ማድበስበስ ለሁለቱም ትምህርት አይበጅም።

የተዋሕዶ መምህራን ያዕቆብ 2ን አስከትለው ያነባሉ፤ እዚያም ያው የአብርሃም ጥቅስ ተጠቅሶ እምነት ያለ ሥራ የሞተ እንደሆነ ተነግሯል። ጸጋም ሰውን በጥምቀት በእውነት ይለውጠዋል፣ በስም ብቻ ጻድቅ አያሰኘውም ይላሉ። ፕሮቴስታንቶች ሥራ የእምነት ፍሬ እንጂ የመጽደቂያ ምክንያት አይደለም ብለው ይመልሳሉ።

አንድ ነገር ላክል፤ በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ይህን ትምህርት ታስተምራለች። ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ጋር የሚያገናኛት ስሙ ብቻ ነው።

ለስያሜው እኔ «የተቆጠረልን ጽድቅ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «ልን» የምትለዋ ጽድቁ ከሌላ ወገን ለእኛ እንደመጣ ትናገራለችና።