ከቦሩ ሜዳ እስከ ቬፕ፦ ማንም ያልጠየቃት ነፍሰ ጡር

«እርጉዝ ሴት ሲጋራ ማቆም ካቃታት ወደ ቬፕ ብትዞር ይሻላታል ወይ?»

ይህን ጥያቄ ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው የሚያቀርብ ደፋር ቢገኝ የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው። አንዱ «አስተግፊሩላህ!» ይላል፣ ሌላው «በስመ አብ!» ብሎ ያማትባል። (ወሎ ነውና ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ።) ከድንጋጤው በኋላ ግን ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ የለም። «የእኛ ሴቶች እንኳን አርግዘው ሳያረግዙም አያጨሱም» ተብሎ ይዘጋል።

እንግሊዝ አገር ያሉ ሐኪሞች ይህንኑ ጥያቄ ከ1,000 በላይ በሆኑ ነፍሰ ጡሮች ላይ ፈትነውታል። እኛ ጋ ጥያቄው ራሱ ነውር ነው። ለምን? በእኔ እምነት ምክንያቱ ከሕክምናው ይልቅ ታሪካችን ውስጥ አለ። የታሪኩ አንዱ ምዕራፍ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ ከደሴ ወጣ ብላ ካለችው ከቦሩ ሜዳ ይጀምራል።

ከንፈርና አፍንጫ

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ታላቅ ጉባኤ ጠሩ። የኦርቶዶክስ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን የከፋፈለው የሃይማኖት ክርክር በዚያ ተቋጨ። የወሎ ሙስሊም መኳንንትም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፣ ኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። ደሴንም መቀመጫቸው ያደረጉ እርሳቸው ናቸው። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ እምቢ ብለው ለዓመታት ታገሉ። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል።

ያልተማርነው ነገር ቢኖር እኚሁ ንጉሠ ነገሥት ትምባሆንም መከልከላቸውን ነው። ቅጣቱ የዋዛ አልነበረም። በዘመኑ የነበሩ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት ያጨሰ ሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ ደግሞ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ፓኬት ላይ የሚለጠፈው የታመመ ሳንባ ፎቶ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ አስቡት!

ልብ በሉ፣ ያ ሕግ ስለ ሳንባ አልነበረም። ትምባሆ ሳንባን ምን እንደሚያደርግ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ሕጉ ስለ ማንነት ነበር። ትምባሆ፣ ጫትና ቡና «የእስላም ነገር» ተብለው በአንድ ከረጢት ገብተው ነበር። ክርስቲያን ከሆንክ አትነካቸውም፣ ከነካህ ምን እንደሆንክ ታውቋል ማለት ነው።

ከረጢቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ተቀደደ። አፄ ምኒልክ ቡና ይጠጡ ነበርና በእርሳቸው ዘመን ቡና ከነውርነት ወጣ፤ ዛሬ ቡና የማይፈላበት ክርስቲያን ቤት ፈልጉና አሳዩኝ። የትምባሆውም ሕግ ላላ። የነውር ነገር እንዲህ ነው፤ ሥልጣንና ዘመን ሲቀየሩ ይቀየራል፣ ስለ ጤና የሚነግረን ግን እምብዛም ነው።

ሱቅ የከፈተው መንግሥት

ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለባበጠ። መንግሥት ትምባሆን በሞኖፖል ያዘ። ከንፈር ይቆርጥ የነበረው ዙፋን ወራሽ ሲጋራ ሻጭ ሆነ ማለት ነው። ኒያላና ግስላ ታተሙ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ስንሄድ የምናልፋት ሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ አገር ሆነች። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ፣ ደርግ ወርዶ ኢሕአዴግ ሲመጣ ሞኖፖሉ አልወረደም። በ2008 ዓ.ም. ጃፓን ቶባኮ የድርጅቱን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ለወንዱ ሲጋራ የሥልጣኔ ምልክት ሆነለት። ወደ አሰብ የሚወርደው የጭነት መኪና ሹፌር፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ በርጫ ላይ የተቀመጠው ተማሪ፣ ሁሉም አጨሱ። ሴቷስ? ለእሷ የአፄ ዮሐንስ ሕግ አልተሻረም። ከንፈር የሚቆርጥ ባይኖርም ስም የሚቆርጥ ሞልቷል። ጋምቤላ ሄዳችሁ ረጅም ፒፓ የምታጨስ እናት ብታዩ ማንም አይደነቅም። ደሴ ላይ አንዲት ልጅ በአደባባይ ሲጋራ ብትለኩስ ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ እናቷ ቤት ይደርሳል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ጥሩ አይደለም እንዴ? ነውሩ ከሲጋራ አዳናቸው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ ወንዶች ከ100 ውስጥ 8 ገደማ ሲሆኑ ሴቶች 2 እንኳ አይሞሉም። ነውር አጫሽን ይቀንሳል። የቀሩትን አጫሾች ግን ይደብቃል። ችግሩ የሚመጣው የተደበቀችው ያረገዘች ዕለት ነው።

ሳይንሱ ሆድ ውስጥ ሲገባ

እ.ኤ.አ. በ1957 ዊኒያ ሲምፕሰን የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ7,000 በላይ የወለዱ እናቶችን መዝገብ አገላብጣ አንድ ነገር አየች። ከሚያጨሱት እናቶች ያለ ጊዜያቸው ወይም አንሰው የሚወለዱት ሕፃናት ከማያጨሱት ጋር ሲተያዩ እጥፍ ያህል ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ያንኑ አጠናከሩ። አሜሪካ በ1984 ባወጣችው ሕግ ስለ እርግዝና የሚናገር ማስጠንቀቂያ ፓኬት ላይ እንዲጻፍ አስገደደች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ይኸው ከሰል የሚለቀው ጋዝ ማለት ነው። ደም ውስጥ ሲገባ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ እናት ስታጨስ ጽንሱ አየር ያጥረዋል። ኒኮቲኑ ደግሞ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል፣ በማደግ ላይ ያለውን አንጎልና ሳንባም ይነካል።

ለደሴ ልጅ ይህ ነገር ተጨማሪ ትርጉም አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ትንሽ ይሻላል። ጦሳ ሥር የምትኖር ነፍሰ ጡር ግን ከመነሻውም አየር በቁጠባ ነው የምትስበው። ጭስ ከዚያችው ላይ ነው የሚቀንስባት።

መተኪያው መጣ

እ.ኤ.አ. በ2003 ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የፋርማሲ ባለሙያ ዛሬ የምናውቀውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰውን የሚያስረው ኒኮቲኑ ነው፣ የሚገድለው ግን በአብዛኛው ጭሱ ነው፣ እንግዲያው ኒኮቲኑን ያለ ጭስ እንስጠው። ቬፕ ውስጥ የሚቃጠል ነገር ስለሌለ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም ማለት ይቻላል።

ለነፍሰ ጡርስ? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት ማጨስ ማቆም የፈለጉ 1,140 ነፍሰ ጡሮችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ግማሾቹ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር ተሰጣቸው። እስከ እርግዝናቸው መጨረሻ ማጨስ ያቆሙት ከቬፑ ወገን 6.8 በመቶ፣ ከፕላስተሩ ወገን 4.4 በመቶ ነበሩ። ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናት ደግሞ ከቬፑ ወገን 9.6 በመቶ፣ ከፕላስተሩ ወገን 14.8 በመቶ ሆኑ።

ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። መሣሪያው ተሰጥቷቸው፣ ምክር ተሰጥቷቸው፣ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 93ቱ ማቆም አልቻሉም! «ለልጇ ስትል ለምን አታቆምም?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ሱስ ፍቅር በማጣት የሚመጣ አይደለም።

እንግሊዞች ከዚህ ተነስተው «ሁሉንም ብትተዪ ይበልጣል፣ ካቃተሽ ግን ቬፕ ከሲጋራ በብዙ ይሻላል» ይላሉ። ይህ አባባል የሚሠራው ለምታጨሰዋ ብቻ ነው። ሲጋራ ነክታ ለማታውቅ ነፍሰ ጡር ቬፕ መተኪያ አይሆንም፣ አዲስ ኒኮቲን ነው።

የእኛ ሕግ ግን በሩን ከነመዝጊያው ዘጋው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዝግ በሆኑ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ እንዳይሸጥ አዘዘ፣ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም አገደ። ወጣቱን ለመጠበቅ ከሆነ ይህን መቃወም ይከብደኛል። በድብቅ ገብቶ በየከተማው አልፎ አልፎ የሚታየው ቬፕም ውስጡ ምን እንዳለ የሚመረምርለት የለም። ሆኖም አዋጁ ሲጋራን ከነኒኮቲኑም ከነጭሱም ገበያ ላይ ትቶታል። ቢያንስ ጭስ የሌለውን ከልክሎ ጭስ ያለውን መሸጥ ለነፍሰ ጡሯ ምን ይነግራታል?

ስለዚህ ለእኛ ጥያቄው ምንድን ነው?

እንግዲህ የፈረንጁን ጥያቄ እንዳለ አምጥተን ደሴ ላይ ብንተክለው አይበቅልም። የብዙዋ ነፍሰ ጡር ጭስ የራሷ አይደለም። የባሏ ነው። የሳሎኑ በርጫ ነው። መስኮት በተዘጋበት ክፍል የሚጤሰው ከሰል ነው፣ የምጣዱ እንጨት ነው። ሐኪም ቤት ሄዳ «ታጨሻለሽ?» ብትባል በሙሉ ልብ «አላጨስም» ትላለች፤ እውነቷንም ነው። ጽንሱ ግን ያጨሳል።

ከዚያ ደግሞ የእኛው «መተኪያ» አለ። «ሲጋራ አይደል፣ ቅጠል ናት» ይባላል። ጫት በወሎ ከዱዓው፣ ከወዳጃው፣ ከእንግዳ አቀባበሉ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ እንደ ሱስ ለመቁጠር አፍ ያስይዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ100 ሴቶች 12ቱ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ከሲጋራው ጋር አይወዳደርም። የጫትን ዋና አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖንን፣ የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ የለየው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በ1980ዎቹ የመን ውስጥ የተደረገ ጥናትም የሚቅሙ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት ክብደት ቀንሶ አግኝቶታል። ቅጠል መሆኗ ጽንሱን አላዳነውም።

የቀሩት እነዚያ ከ100 ሁለት የማይሞሉት ናቸው። ጥቂት ናቸው ብለን እንዳናልፋቸው፣ የተደበቀ ሰው ሲቆጠር ሁልጊዜ ያንሳል። ከተሞቻችንም እየተቀየሩ ነው። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኳን በ2009 ዓ.ም. ከከፈተች ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ከእናትና ከአክስት ዓይን ርቀው ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ። ደሴም ዩኒቨርሲቲ አላት። አንዷ ሺሻ ቤት ብትለምድ፣ ሌላዋ ከበርጫ ጋር ሲጋራ ብትጀምር የሚያያት የለም። ስታረግዝ ግን እናት፣ አማትና ጎረቤት ተመልሰው ይመጣሉ፤ ነውሩም አብሮ ይመጣል። አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ «አዎ፣ አጨሳለሁ፣ ማቆም አቅቶኛል፣ እርዱኝ» የምትል ሴት ካለች እኔ ጀግና እላታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ምክር ቀላል ነው። እያንዳንዷን ነፍሰ ጡር በእያንዳንዱ ክትትል ስለ ትምባሆ ጠይቋት፣ ከሌሎች ሰዎች ስለምትስበው ጭስም ጠይቋት። ገንዘብ አይፈጅም፣ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። የሚያስፈልገው ብቻዋን የምትጠየቅበት አንድ ክፍልና ስትመልስ የማይሸማቀቅ ፊት ነው። ጫቱን፣ ሺሻውንና ከሰሉን ጨምረን እንጠይቅ። ባልየውንም እንጠራው፤ ብዙ ጊዜ ማቆም ያለበት እሱ ነውና።

ቦሩ ሜዳ ዛሬ ሆስፒታል አላት፣ ነፍሰ ጡሮችም ይታከሙባታል። ደሴ ላይ ደግሞ በዚያው ጉባኤ ዘመን ተጠምቀው የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ቆሟል። ስሙን ታውቁታላችሁ፣ አይጠየፍ ነው። የገባውን ሁሉ ሳይንቅ ሳይመርጥ የሚያስተናግድ ማለት ነው። ለእርጉዝ ሴት የክትትል ክፍሉ እንደዚያ እስኪሆንላት ድረስ ቬፕ ይሻላል አይሻልም ብለን ብንከራከር የምንከራከረው ያለ እሷ ነው። እስቲ እናንተም በሉበት።