ቁጥር 30664

ኦ. ሄንሪን ብዙዎቻችን የምናውቀው በታሪኮቹ ያልተጠበቀ ፍጻሜ ነው። ፀጉሯን ሸጣ ለባሏ የሰዓት ሰንሰለት የገዛችውን ሚስት፣ ሰዓቱን ሸጦ ለፀጉሯ ማበጠሪያ የገዛላትን ባል አንብቦ የረሳ የአጭር ልቦለድ ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። እኔን ግን ከታሪኮቹ ይልቅ የሰውየው የቀድሞ ሥራ ያባንነኛል፤ እንደ እኔው የባንክ ሠራተኛ፣ ገንዘብ ከፋይ ነበርና።

እውነተኛ ስሙ ዊልያም ሲድኒ ፖርተር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1891 እስከ 1894 በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ፣ በፈርስት ናሽናል ባንክ ሠርቷል። የባንኩ አሠራር ልቅ ነበር፤ ሹማምንቱ ሳይቀሩ ከሳጥኑ ገንዘብ አንስተው ማስታወሻ እንኳ ሳይተዉ ይሄዱ እንደነበር ተጽፏል። ማታ ማታ ሳጥኑን ቆጥሮ ከመዝገብ ጋር የሚያስታርቅ ሰው ይህን ሲያነብ ላብ ያጠምቀዋል። ጉድለት ሲገኝ የሚጠየቀው ያነሣው ሳይሆን የፈረመው ነው።

በ1895 ጉዳዩ የቀረበለት ሸንጎ ክስ አያስመሠርትም ቢልም፣ የመንግሥቱ የባንክ መርማሪ አልለቀቀውም፤ በ1896 ፖርተር በእምነት ማጉደል ተከሰሰ። ጥፋተኛ የተባለበት ገንዘብ 854 ዶላር ከ8 ሳንቲም ነው። ከዚህ ውስጥ 299 ዶላር ከ60 ሳንቲሙን አጎደለ የተባለው በኖቬምበር 1895 ነው፤ ባንኩን ከለቀቀ 11 ወር ገደማ ካለፈው በኋላ! ይህን ቁጥር ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ሌባ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ሙግት ለሌሎች እተዋለሁ (ለእኔ ዝርክርክነቱ ከሌብነቱ ያይላል)። የጎዳው ሽሽቱ ነው። ችሎት ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ ኒው ኦርሊንስ፣ ከዚያም ወደ ሆንዱራስ ኮበለለ። በሳንባ ነቀርሳ የምትማቅቀው ሚስቱ መዳከሟን ሲሰማ በ1897 ተመልሶ እጁን ሰጠ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ቀበራት። በ1898 ችሎት ፊት ቆሞ ራሱን ለመከላከል እምብዛም አልተናገረም። አምስት ዓመት ተፈረደበት።

በኦሃዮ ወህኒ ቤት ቁጥሩ 30664 ሆነ። መድኃኒት ቀማሚነት ስለሚያውቅ በሆስፒታሉ የሌሊት ተረኛ አደረጉት፤ በዚያ ጸጥታ ይጽፍ ጀመር። ጽሑፎቹ በወዳጅ እጅ ዞረው ለአዘጋጆች ይደርሱ ነበር። በዲሴምበር 1899 በማክሉር መጽሔት ኦ. ሄንሪ በሚል ስም ታሪኩን ያነበቡ ሰዎች ደራሲው እስረኛ መሆኑን ከወዴት ያውቃሉ?

በጁላይ 1901 ስለ መልካም ጠባዩ ቀድሞ ተፈታ። የሕጉ ሒሳብ ተዘጋ፤ የእርሱ ግን አልተዘጋም። በኒው ዮርክ ዝናው በገነነ ቁጥር ፎቶግራፍ አንሺን ይሸሽ ነበር። ስለ ኋላ ሕይወቱ ሲጠየቅም ዓመታቱን ያሸጋሽግ ነበር፤ የጎደሉትን ሦስት ዓመታት ለመሸፈን ይመስለኛል። ልጁ ማርጋሬት አባቷ ለሥራ ርቆ መሄዱ ነበር የተነገራት፤ ደብዳቤዎቹን ከየት እንደሚልክላት ሳታውቅ ታነብ ነበር። በ1910 ሞተ። አንባቢው ሕዝብ ስለ እስሩ የሰማው በ1916 የሕይወት ታሪኩ ሲታተም ነው።

እኛም አገር ባንክ ለሚቀጠር ሰው ዋስ ይጠራል። አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ማምጣትም ለብዙ ሥራ የተለመደ ነው። አሠሪው ገንዘቡን ለማን እንደሚያስረክብ ማወቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ያቺን ወረቀት ከቶ ሊያመጣ የማይችለው ሰው ግን ምን ስም ይዞ፣ ወዴት ይሄዳል?

ፖርተር በ1903 ባሳተመው አንድ ታሪክ ጂሚ ቫለንታይን የተባለ ካዝና ሰባሪ ከወህኒ ይወጣል። ስሙን ለውጦ፣ በትንሽ ከተማ የጫማ መደብር ከፍቶ፣ የባንክ ባለቤት ልጅ ያጫል። አንድ ቀን ሕፃን ልጅ በባንኩ ካዝና ውስጥ ተቆልፎባት ስትጮህ፣ ለድሮ ወዳጁ ሊሰጣቸው ያመጣቸውን የድሮ መሣሪያዎቹን በሰው ሁሉ ፊት ዘርግቶ ይከፍትላታል። ሊይዘው የመጣው መርማሪ በሩ ላይ ቆሟል። ጂሚ በራሱ ፈቃድ እጁን ሊሰጥ ሲቀርበው፣ መርማሪው እንደማያውቀው ሆኖ ጥሎት ይሄዳል።

ይህን ታሪክ ሲያሳትም ደራሲው ከወህኒ ከወጣ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ከታሪኩ በላይ የታተመው ስምም የተለወጠው ስሙ ነበር።