ሁሉንም ምረጥ (ቼክቦክስ)

ሁሉንም ምረጥ በድረ ገጽ ቅጽ ላይ የተደረደሩ ቼክቦክሶችን በአንድ ጊዜ የራይት ምልክት የሚያደርግባቸው፣ እንደገና ሲነካም ምልክቱን ከሁሉም የሚያነሳ ዋና ሳጥን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቦታው የዝርዝሩ ወይም የሠንጠረዡ አናት ነው። ቼክቦክስ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የኤችቲኤምኤል 2.0 መስፈርት ውስጥ ሰፍሯል፤ ሌሎቹን የሚያዝ ሳጥን ግን ኤችቲኤምኤል ስለሌለው ሥራው የሚሠራው በጃቫስክሪፕት ነው።

ዋናው ሳጥን ሲነካ ኮዱ በቅጹ ውስጥ ያሉትን ሳጥኖች አንድ በአንድ እያየ «ቼክድ» የተባለውን ባሕርያቸውን ከዋናው ጋር ያስተካክላል። የተቆለፉ ሳጥኖችን ግን መዝለል ይኖርበታል። ይህን ለመጻፍ ጥቂት መስመር ይበቃል፤ ብዙ ጀማሪዎችም እዚሁ ላይ ያቆማሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተጠቃሚው ሃያ ስሞችን በአንዴ መርጦ አንዱን ቢያነሳ፣ ዋናው ሳጥን ምልክቱን እንደያዘ ከቀረ ለተጠቃሚው ውሸት እየነገረው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳጥን በተነካ ቁጥር የተመረጡት መቆጠር አለባቸው፦ ሁሉም ከተመረጡ ዋናው ምልክት ይደረግበታል፣ አንድም ካልተመረጠ ባዶ ይሆናል፣ ከፊሉ ብቻ ከተመረጠ ደግሞ «ኢንዲተርሚኔት» የሚባለውን ሁኔታ ይይዛል። ብራውዘሮች ይህን አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ሰረዝ ያሳዩታል። ሁኔታው በኤችቲኤምኤል ታግ ሊጻፍ አይችልም፤ ከኮድ ብቻ ይሰጣል። መልክ እንጂ ዋጋ ስላልሆነም ወደ ሰርቨር የሚላከውን አይለውጥም።

ኮድ ራሱ ምልክት ሲያደርግ ብራውዘሩ «ቼንጅ» የተባለውን ኩነት አያስነሳም። «12 ተመርጠዋል» የሚል ቆጣሪ ያለው ገጽ ይህን ካላሰበበት የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል።

ከሁሉ የሚከብደው «ሁሉም» እስከ የት እንደሚደርስ መወሰን ነው። በጂሜይል የላይኛው ሳጥን መጀመሪያ የሚመርጠው በገጹ ላይ ያሉትን ደብዳቤዎች ብቻ ነው፤ ከገጹ ውጭ ያሉትን ለመጨመር ከዝርዝሩ በላይ የሚወጣውን ሌላ ማስፈንጠሪያ መንካት ያስፈልጋል። በተለይ ቀጣዩ እርምጃ መሰረዝ ከሆነ ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው።

ፈቃድ በሚጠየቅባቸው ቅጾች ላይ ሕግም ይገባበታል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2019 በፕላኔት 49 ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ለኩኪዎች የተሰጠ ፈቃድ ሆኖ አይቆጠርም።