ጎጆና ሳጥን፦ የእንቁላል ባለቤትነት አጭር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1798 ጁሊያን ኒየምሴቪች የተባለ ፖላንዳዊ መንገደኛ ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ የሚገኘውን የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት፣ ማውንት ቨርነንን፣ ጎበኘ። በባርነት የተያዙት ሰዎች ከሚኖሩበት ደሳሳ ቤት አጠገብ አምስት ስድስት ዶሮዎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ሲጭሩ አየ። ሰዎቹ ዳክዬ፣ ዝይና አሳማ ማርባት ተከልክለዋል፤ ዶሮ ግን ተፈቅዶላቸዋል። አርብተውም አሌክሳንድሪያ ገበያ ይሸጡ ነበር። ዋሽንግተን ራሱ ዶሮና እንቁላል ይገዛቸው እንደነበር የርስቱ የሒሳብ መዝገብ ያሳያል።

ሰው ራሱ እንደ ንብረት በሚቆጠርበት ስፍራ ዶሮ የድሃው ሀብት ለመሆን የቻለችው መሬትም ብድርም ስለማትጠይቅና ራሷን በራሷ ስለምትተካ ነው። በኢትዮጵያ ገጠርም፣ ታሪኩ ፍጹም የተለየ ቢሆንም፣ ይኸው የኢኮኖሚ ባሕርይ ይታያል። በሬው በአብዛኛው የባል ሲሆን ዶሮዋ የሚስት ናት። የአገር ዶሮ ጓዳ ውስጥ፣ ጭድ በተጎዘጎዘበት አሮጌ ቅርጫት ወይም ስባሪ እንስራ፣ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ትጥልና 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው። የትኛው እንቁላል ለጨውና ለደብተር እንደሚሸጥ፣ የትኛው እንደሚታቀፍ የምትወስነው እመቤቷ ናት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል የትዕግሥት ምክር ብቻ ሳይሆን የካፒታል ክምችት መግለጫም ነው።

የእንቁላል መጣያ ሳጥን ይህን ሥራ ለሁለት ከፈለው። በአሜሪካ የሜይን ግዛት የእርሻ ምርምር ጣቢያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ዶሮዋ ስትገባ መዝጊያው የሚወድቅ ሳጥን መጠቀም ጀመረ። ጠባቂው ሲያስወጣት ቁጥሯን ይመዘግባል። በዚህ ዓይነት ቆጠራና ምርጫ ብዙ የምትጥል፣ ለመታቀፍ የማትቀመጥ ዶሮ ተፈለገች፤ መፈልፈሉም ወደ ማሽን ተዛወረ። ዛሬ የተለመደው ሳጥን በየጎኑ 30 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ይመደባል። ውስጡ ጨለም ያለ፣ ዶሮዎች አናቱ ላይ እንዳያድሩ ጣራው ተዳፋት ነው። እንቁላሉ በየዕለቱ ይሰበሰባል፤ አለዚያ ይቆሽሻል፣ ይሰበራል፣ ዶሮዋም ልትታቀፈው ትችላለች።

ይህ አሠራር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ በአሜሪካው የፖይንት ፎር ዕርዳታ የኦክላሆማ ኮሌጅ መምህራን በጅማና በአለማያ ትምህርት ሲያቋቁሙ ከመጡት የውጭ ዝርያዎች ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ የተሻሻሉ ዶሮዎችን ማከፋፈል ከመንግሥት ወደ መንግሥት የተሸጋገረ ፖሊሲ ሆኗል፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም እንቁላልንና ዶሮን ከዋና ግቦቹ አድርጓል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፦ በቂ መኖ ያገኘች የተሻሻለች ዶሮ ከአገር ዶሮ ብዙ እጥፍ ትጥላለች። ይሁን እንጂ እምብዛም ስለማትታቀፍ፣ ስታረጅ ባለቤቷ ምትኳን ከጫጩት አቅራቢ መግዛት አለባት። ያ ወጪ በበጀት ካልታሰበ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቤቱ ባዶውን ይቀራል።

ይህ ማለት የጓዳው ጎጆ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ከዚያ ጎጆ የሚወጡትን ጫጩቶች ፈንግልና ጭልፊት ይጨርሷቸዋል። ሁለቱን የሚያቀራርብ መንገድ አለ፦ የፈንግል ክትባትን በመንደር ደረጃ ማዳረስ፣ የአገር ዶሮን ለማቀፍ ማቆየት፣ በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሆሮ ዶሮ ላይ እንደተደረገው የአገሩን ዘር በምርጫ ማሻሻል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ለዶሮ እርባታ ገንዘብ የሚልክ ማኅበር በሪፖርቱ የእንቁላሉን ብዛት ብቻ ማየት አይበቃውም። በሦስተኛው ዓመት ዶሮዋ በምን ገንዘብ እንደምትተካ፣ የሽያጩም ገቢ በማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅ ይኖርበታል።