ከታዳሚው መካከል የተቀረጸ ካሴት
የአንድ ሄቪ ሜታል ኮንሰርት ድምፅ ከክልከላ ወደ ቅርስነት

መስከረም 16 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1986) ምሽት፣ በስዊድን አገር ከስቶክሆልም ጋር በተያያዘችው በሶልና ከተማ፣ ሶልናሃለን በተባለው አዳራሽ ሜታሊካ የተሰኘው የአሜሪካ የሄቪ ሜታል ባንድ ሙዚቃውን አቀረበ። ከታዳሚዎቹም አንዱ መቅረጫውን ከፍቶ የምሽቱን ሙዚቃ በቴፕ ያዘ። በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ሙዚቀኞቹን ወደ ኮፐንሃገን ይዞ ይጓዝ የነበረው አውቶቡስ በደቡብ ስዊድን በዩንግቢ አካባቢ ተገለበጠ፤ የባስ ጊታር ተጫዋቹ ክሊፍ በርተንም በ24 ዓመት ዕድሜው በዚያው ሞተ። ስለዚህ አንድ ታዳሚ ለራሱ ደስታ የቀረጸው ድምፅ በአንድ ሌሊት ውስጥ የአንድ ሙዚቀኛ የመጨረሻ መድረክ ምስክር ሆነ።

የዚህ ካሴት ታሪክ የባንዱን ወዳጆች ብቻ የሚመለከት አይደለም። ድምፅን በመሰብሰብ፣ በመመዝገብና በመጠበቅ ሙያ ለተሰማሩ ሁሉ አንድ ከባድ ጥያቄ ያቀርባል። ይኸውም፣ ያለፈቃድ የተቀረጸ ነገር ለታሪክ ምስክርነት ይበቃልን? ቢበቃስ ጠባቂው በምን ሁኔታ ሊቀበለው ይገባዋል? የሚል ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መድረክ ላይ የሚሰማን ሙዚቃ በግል ፍላጎት መቅረጽ ከካሴት ዘመን በፊት የነበረ ልማድ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰውም የሙያ ባልደረባ፣ ማለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረ። በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ የሙዚቃ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሊዮኔል ሜፕልሰን ከ1900 እስከ 1903 ባሉት ዓመታት በኤዲሰን ፎኖግራፍ አማካይነት፣ በሰም ሲሊንደሮች ላይ፣ ትርኢቶችን በቁርጥራጭ ቀርጿል። በመጀመሪያ መሣሪያውን ለዘፋኞቹ ቃል ከሚያስታውሰው ሰው ጉድጓድ ውስጥ አኖረ፤ ኋላም ከመድረኩ በላይ ወዳለው መተላለፊያ አወጣው። የተገኘው ድምፅ ደካማና በፍንጥርጣሪ የተሞላ ነው። ሆኖም በዘመኑ ስሙ የገነነው የቴነር ዘፋኝ ዣን ደ ሬሽኬ ድምፅ ዛሬ የሚሰማው ከእነዚህ ሲሊንደሮች ነው። በ2002 የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ለብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገቡ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች መካከል የሜፕልሰን ሲሊንደሮች ተቆጥረዋል።

ሜፕልሰን ብቻውን የሠራውን ሥራ ሺህ ሰዎች ሊሠሩት የቻሉት ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1963 ካሴትን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላው ጥብጣብ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ ዝግታ መሣሪያው ትንሽና ርካሽ እንዲሆን ሲረዳ፣ የድምፁን ጥራት ግን ይቀንሳል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በባትሪ የሚሠሩ፣ ጥራታቸው የተሻሻለ ስቴሪዮ መቅረጫዎች ወጡ፤ ለአብነት ያህል ሶኒ በ1978 ቲሲ-ዲ5 የተባለውን፣ ኋላም የዎክማን ፕሮፌሽናልን ዓይነት አቅርቧል። ከዚያ ወዲህ ከካፖርት ሥር የተሸሸገ መሣሪያ ኮንሰርትን ሙሉ በሙሉ ለመያዝ ቻለ።

ሜታሊካ ራሱ በካሴት ያደገ ባንድ ነው። በ1982 የቀረጸው «ኖ ላይፍ ቲል ሌዘር» የተባለው የሙከራ ቅጂ ወደ ሱቅ ሳይወጣ፣ ከእጅ ወደ እጅና በፖስታ ከአገር ወደ አገር እየተባዛ ስሙን አስጠራ። የዚህ ልውውጥ ሥርዓት ቀላል ነበረ፤ አንዱ ያለውን ቅጂ ይልካል፣ ሌላው የራሱን ይመልሳል፣ ገንዘብ አይጠያየቁም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሊፍ በርተን ባንዱን ለመቀላቀል ፈቃደኛ የሆነው ሙዚቀኞቹ ከሎስ አንጀለስ እርሱ ወደሚኖርበት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ እንዲዛወሩ በማድረግ ነው። በሦስቱ አልበሞች፣ ማለት በ1983፣ በ1984 እና በ1986 በወጡት፣ ባስ ጊታርን በጣቱ እየመታ፣ ድምፁን በፔዳል እየለወጠ፣ እንደ መሪ ጊታር አናገረው። በመድረክ ላይ ደግሞ ብቻውን የሚጫወትበት ሰፊ ጊዜ ይሰጠው ነበር። ይህ ክፍል ከምሽት ወደ ምሽት ስለሚለያይ አልበሞቹ ሊይዙት የቻሉት በከፊል ብቻ ነው።

በርተን ከሞተ በኋላ ባንዱ ትዝታውን ለማቆየት በ1987 «ክሊፍ ኤም ኦል» የተባለውን የቪዲዮ ሥራ አወጣ። የሥራው ትልቁ ክፍል የተውጣጣው ታዳሚዎች በየአዳራሹ ካነሡት ፊልም ነበረ። ከዚህ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ ማለት ይቻላል፤ በበር ላይ ተፈትሾ ሊወሰድ ይችል የነበረው ዕቃ ለሐዘንተኞቹ ባልደረቦች መጽናኛ ሆነላቸው። በ1990ዎቹም ሜታሊካ ታዳሚዎች ኮንሰርቶቹን እንዲቀርጹ ፈቀደ። «ማስተር ኦፍ ፓፔትስ» የተባለው የ1986 አልበም በ2016 ለብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገብ መመረጡ ሲገለጽ፣ ከሄቪ ሜታል ሥራዎች የመጀመሪያው ሆነ። አልበሙ በ2017 በትልቅ ጥራዝ ዳግመኛ ሲታተም ደግሞ ባንዱ የስቶክሆልሙን የታዳሚ ቅጂ፣ በዚያው በካሴት መልክ፣ ከጥራዙ ጋር አካቶ አቀረበው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ካሴቱ በባለቤቶቹ እጅ ሕጋዊ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ካሴት ምን ይዞአል? በስቱዲዮ የተሠራ አልበም ሙዚቀኞቹ እንዲሰማ የፈለጉትን ያሰማል፤ ስሕተት ታርሞ፣ ድምፅ ተመጣጥኖ ይወጣል። የታዳሚው ካሴት ግን አዳራሹን ይዞ ይመጣል። የግድግዳው ማስተጋባት፣ በአቅራቢያ የቆመው ሰው ጩኸት፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለው ዝምታ፣ ጊዜው የፈጠነው ምት ሁሉ በእርሱ ላይ ይገኛሉ። በዚያ ዓመት በጋ ዘፋኙና ጊታር ተጫዋቹ ጄምስ ሄትፊልድ እጁ ተሰብሮ ስለነበረ፣ የመሣሪያ ባለሙያው ጆን ማርሻል በብዙ ኮንሰርቶች ላይ የሪትም ጊታሩን ተጫውቷል። የዘመኑን ባንድ ከአልበሙ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሊያገኘው አይችልም። የአልበሙ ድምፅ የሥራውን ውጤት ሲያሳይ፣ የካሴቱ ድምፅ ሥራው ሲሠራ ያሳያል።

ጉድለቱም በዚያው መጠን ይታወቃል። ሄቪ ሜታል እጅግ ከፍ ባለ ድምፅ የሚቀርብ በመሆኑ የትንሹን ማይክሮፎን አቅም ይፈትናል፤ ወፍራሙ የባስ ድምፅ ይደፈርሳል። የድምፁን መጠን በራሱ የሚያስተካክል መቅረጫ ሲሆን ደግሞ ሕዝቡ ሲጮኽ ሙዚቃው ይሰምጣል። ዘጠና ደቂቃ የሚይዝ ካሴት በአርባ አምስተኛው ደቂቃ መገልበጥ ስላለበት ከአንዱ ዘፈን መካከል መቁረጡ አይቀርም። ከሁሉ የሚከፋው ግን መባዛቱ ነው። አንዱ ካሴት ወደ ሌላው በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ፍጥነቱም ይዛነፋል። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ የሳተውን ፊደል ሁለተኛው ይወርሳል፣ የራሱንም ይጨምርበታል። ስለዚህ የድምፅ ጠባቂ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ተቀርጿል?» ብቻ ሳይሆን «ይህ ቅጂ ከማን የተቀዳ ስንተኛ ትውልድ ነው?» መሆን አለበት።

ፍጥነቱን ለማረም የሚረዳ አንድ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከቴፑ ላይ ይገኛል። በአዳራሹ ድምፅ ማጉያዎች ውስጥ የሚሰማው የኤሌክትሪክ እምምታ በአውሮፓ በሴኮንድ 50፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ የሚርገበገበውን የኃይል መሥመር ይከተላል። እምምታው በቅጂው ላይ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከተሰማ ቴፑ ከትክክለኛው ፍጥነት መዛነፉ ይታወቃል። በዲጂታል መልክ ሲገለበጥም፣ በ1969 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ቢያንስ በ48 ኪሎ ኸርትዝና በ24 ቢት እንዲያዝ ይመክራል። ከዚህ ጋር ድምፁን ማጽዳት የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ፣ ያልተነካው ቅጂ ለብቻው መቀመጥ ይኖርበታል፤ የሕዝቡን ጩኸት ጠርጎ ያወጣ ሰው ከምስክርነቱ ግማሹን ጥሎታልና።

የመብት ጉዳይ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የ1961 የሮም ስምምነት ያለ ተጫዋቹ ፈቃድ በመድረክ ላይ ያለን ሥራ መቅረጽን ለመከልከል መንገድ ከፍቷል፤ አሜሪካም በ1994 ይህንኑ በሕግ ደንግጋለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኞች ተመሳሳይ ጥበቃ ይሰጣል። ለትርፍ እያባዛ የሚሸጠውና ለትዝታ ቀርጾ የሚያኖረው በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም፤ ቢሆንም የጠባቂው ሥራ ከሁለቱም የተለየ ነው። ጠባቂው ይቀበላል፣ ይመዘግባል፣ ከጥፋት ያድናል፤ ለሕዝብ ለማሰማት ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠብቃል። የስቶክሆልሙ ካሴት እንደሚያሳየው ፈቃዱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ሲመጣ የሚገኘው ግን የሚያኖረው ሰው ከነበረ ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ የቀረበ ነው። በአገሪቱ ሸክላ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቦታውን ለካሴት ሲለቅ፣ ካሴት የዘፈን ብቻ ሳይሆን የሠርግ፣ የስብከት፣ የመድረክና ከባሕር ማዶ የሚላክ የድምፅ ደብዳቤ መያዣ ሆነ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቤት ቁም ሣጥንና በካርቶን ውስጥ ይገኛሉ። ሙቀትና አቧራ ጥብጣቡን ይጎዳሉ፤ ጥብጣቡን ወደ ማንበቢያው የምትጫነው ትንሽ ጨርቅም ሙጫዋ ደርቆ ትወድቃለች። ማጫወቻውም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ነው። በሽፋኑ ላይ ቀን፣ ቦታና የቀራጩ ስም ያልተጻፈበት ካሴት ድምፁ ቢተርፍ እንኳ ታሪኩ ይሞታል። ስለዚህ የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸውና በየአካባቢያቸው ያሉትን ካሴቶች የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው እንዲጽፉ ያስፈልጋል። ጥብጣቡን በመሣሪያ ማዳን ይቻላል፤ ማን፣ የትና መቼ እንደቀረጸው ግን የሚያስታውሰው ሰው ካለፈ በኋላ ከጥብጣቡ ላይ ሊነበብ አይችልም።