የገሃነመ እሳት ዜና መዋዕል

በ1966 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም 26 ቀን፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ግብፅና ሶርያ በእስራኤል ላይ ጦርነት ከፈቱ። ለአይሁድ የስርየት ጾም፣ ለእስላሙ ረመዳን ነበር። የግብፅ እግረኛ የስዊዝን ቦይ ተሻግሮ፣ በሻንጣ ተሸክሞ ያመጣውን የሩስያ ሚሳይል አሸዋው ላይ አጠመደና የእስራኤልን ታንኮች አነደዳቸው። ያ ሚሳይል ቀጭን ሽቦ ከኋላው እየለቀቀ ይበራል፤ ተኳሹም በሽቦው ይመራዋል። አሜሪካኖችም ቶው የሚሉት የሽቦ ሚሳይል ነበራቸው፤ በሄሊኮፕተር ሰቅለው በቬትናም ተዋግተውበታል። ዳሩ ግን 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ እስኪመታም ድረስ ሄሊኮፕተሩ በጠላት ፊት መቆየት አለበት። በጀርመን ድንበር የተሰለፈው የሶቪየት ታንክ ደግሞ ብዙ ነው። ሩቅ የሚሄድ፣ ሽቦ የማይጎትት ሚሳይል የመሥራት ሐሳብ ቀድሞ ተፀንሶ ነበርና፣ የሲና አሸዋ ላይ የታንክን ሞት ያዩ ሹማምንት ይበልጥ ተመኙት።

ሥራውን ሮክዌል የተባለ ኩባንያ ተረከበ። ስሙንም ሄልፋየር አሉት፤ በቋንቋችን ገሃነመ እሳት ማለት ነው። ፊደላቱ «ከሄሊኮፕተር የሚወነጨፍ፣ ተኩሰህ ተወው» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የተለቀሙ ናቸው። ስም አውጪው ግን ዋሸ፤ የመጀመሪያው ሄልፋየር ተኩሰው የሚተዉት አልነበረም። አንድ ሰው፣ ከአየርም ይሁን ከምድር፣ የሌዘር ብርሃን ታንኩ ላይ አሳርፎ መያዝ ነበረበት። ሚሳይሉ ከታንኩ የሚነጥረውን ብርሃን በአፍንጫው እያሸተተ ይወርዳል። ትርፉ ይህ ነበር፤ የሚያበራው ሌላ ከሆነ ተኳሹ ሄሊኮፕተር ከኮረብታ ጀርባ ተደብቆ ይተኩሳል። ስሙ እውነት የሆነለት ከዓመታት በኋላ፣ በአፍንጫው ራዳር የያዘው ሎንግቦ የተባለው ልጁ ሲወለድ ነው።

ክብደቱ ግማሽ ኩንታል አይሞላም፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ጥቂት ይበልጣል። 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሆዱ ውስጥ ያለው ፈንጂ ሾጣጣ ብረት ታቅፏል፤ ሲፈነዳ ብረቱ እንደ ወስፌ ቀጥኖ የታንኩን ግንብ ይበሳል። ሩስያኖች ታንካቸውን ፈንጂ ጡብ ቢያለብሱት፣ ሄልፋየር ሁለት ፈንጂ ደርቦ መጣ፤ ፊተኛው ጡቡን ያፈነዳል፣ ኋለኛው ብረቱን ይበሳል። አፓቺ የተባለው ሄሊኮፕተር 16ቱን ይሸከማል።

በጀርመን የተጠበቀው ጦርነት ሳይመጣ ቀረ። በ1983 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጥር 9 ቀን፣ ለከተራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትልቁ ቡሽ ኩዌትን የወረረውን ሳዳም ሁሴንን ሊወጋ ተነሣ። ሌተና ኮሎኔል ሪቻርድ ኮዲ (ኋላ የምድር ጦሩ ምክትል ኢታማዦር ሹም የሆነው) አፓቺዎቹን ይዞ በሌሊት ከሳዑዲ ወደ ኢራቅ ገባ። አፓቺዎቹ በረሃውን የሚያውቁበት የሳተላይት መሣሪያ ስላልነበራቸው የአየር ኃይሉ ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች መንገድ መሯቸው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ38 ላይ 8 አፓቺዎች ሁለት የራዳር ጣቢያዎችን መቱ። ኢራቅ ዓይኗ በዚያ በኩል ስለጠፋ ተዋጊ አውሮፕላኖቹ በቀዳዳው ገቡ። ለታንክ የተሠራው ሚሳይል የጦርነቱን በር የከፈተው ታንክ በሌለበት ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደፊት ይመጣል።

ሚሳይሉ ኋላ ወደተጫነበት ድሮን እንሂድ። አብርሃም ካሬም የሚባል፣ ባግዳድ ተወልዶ እስራኤል ያደገ መሐንዲስ፣ ሎስ አንጀለስ ባለው ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሰው አልባ አውሮፕላን ሠራ። ከእሱ ሥራ ፕሬዳተር ወጣ። ፕሬዳተር ለብዙ ሰዓት ይበራል፣ ያያል፣ ክንድ ግን አልነበረውም። በየካቲት 1993 ዓ.ም. በኔቫዳ በረሃ ሄልፋየር ከፕሬዳተር ተተኮሰ፤ ዒላማው ታንክ ነበር። ከዚያ ወዲያ የድሮን ዒላማ ታንክ መሆኑ እየቀረ ሄደ።

በ1994 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም 1 ቀን፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል፣ በአልቃይዳ ጥቃት የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ፈረሱ። በ27ኛው ቀን የአፍጋኒስታን ጦርነት ተጀመረ፤ በዚያው ሌሊት ፕሬዳተር ካንዳሃር ላይ ሄልፋየር ተኮሰ። የታደነው የታሊባን መሪ ሙላ ዑመር ግን አመለጠ፤ በ2005 ዓ.ም. በሕመም ሞተ። በ1995 ዓ.ም. ጥቅምት 24 ቀን በየመን ማሪብ አንድ መኪና ተመታ፤ 6 ሰዎች ሞቱ። በ1996 ዓ.ም. መጋቢት 13 ቀን የእስራኤል አፓቺ የሐማስን መሥራች ሼክ አሕመድ ያሲንን ከሱብሒ ሶላት ሲወጣ በጋዛ ገደለው፤ የሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነበር። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ 26 ቀን የአልሸባብ መሪ ጎዳኔ በሶማሊያ ተገደለ። በዚያን ዘመን ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያም የአሜሪካ ድሮኖች ይነሡ ነበር፤ ሚሳይል አልያዙም፣ ለቅኝት ብቻ ናቸው ተባለ።

አሁን ወደ ካቡል ደረስን። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ 23 ቀን፣ በአየር ማረፊያው 13 የአሜሪካ ወታደሮችና ብዙ አፍጋኖች በአጥፍቶ ጠፊ ከሞቱ በሦስተኛው ቀን፣ ድሮን አንዲት ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ቀኑን ሙሉ ተከታተለች። መኪናዋ ፈንጂ ጫነች ብለው አሰቡ። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነበር የሚነዳት፤ የጫናትም ውኃ ነበር። ግቢው ገብቶ ልጆቹ ሊቀበሉት ሲወጡ ሄልፋየር ወረደ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ 7ቱ ሕፃናት ነበሩ። ኢታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሚሊ መጀመሪያ ትክክለኛ ምት ነው አለ፤ መስከረም 7 ቀን ግን ስሕተት እንደነበር ፔንታጎን አመነ። በታኅሣሥ ማንም አይቀጣም ተብሎ ተወሰነ። ሚሳይሉስ ምንም አልሳተም፤ የታየለትን መታ።

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ 24 ቀን፣ ደግሞም በዘመነ ማርቆስ፣ በዚያችው ከተማ የአልቃይዳ መሪ አይመን አል ዘዋሂሪ ማለዳ ሰገነቱ ላይ ቆሞ ሳለ በሁለት ሄልፋየር ተገደለ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሚስቱና ልጁ አልተነኩም ብለው የአሜሪካ ሹማምንት ተናገሩ።

ጃግም የሚባለው የሄልፋየር ተተኪም መጣ። ሌዘሩንም ራዳሩንም በአንድ አፍንጫ ይዟል። ውፍረቱ በአሮጌው ልክ ነው፤ የሚሰቀለውም በዚያው በሄልፋየር መስቀያ ላይ ነው።