በየሁለት ሰዓቱ

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ፎቅ ሲሠራ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ አንገቱ ላይ ከተጎዳ አራት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው እሑድ ስልኩን በሁለት መዳፎቹ ደግፎ ቪዲዮ አሳየኝ፦ ሽባ የነበረ ኔዘርላንዳዊ ደረጃ ሲወጣ። "አበበ ቢቂላ ይሄን ሳያይ ሞተ አይደል?" አለኝ።

የአበበን መጨረሻ ሁላችንም በደፈናው ነው የምናውቀው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ የሚነዳት ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። በሳምንቱ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ገባ። መጀመሪያ እጆቹንም ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ስምንት ወር ታክሞ እጆቹ ተመለሱ፤ እግሮቹ ግን እንደሄዱ ቀሩ።

ያ ሆስፒታል ምን ነበረው? ሕብለ ሰረሰርን የሚጠግን መሣሪያ እንዳይመስላችሁ። የሕክምናው አባት ሉድቪግ ጉትማን ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ አይሁዳዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ክፍሉን ሲከፍት እንዲህ ያለ ጉዳተኛ አብዛኛው በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። የሚገድለው ደግሞ ስብራቱ ሳይሆን የመኝታ ቁስልና የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ነው። ጉትማን በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዘ። በቃ፣ ይኸው ነው! ከዚያ ደግሞ ስፖርት፦ ቀስት፣ የጠረጴዛ ቴኒስ።

አንድ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። መስከረም 8 ቀን፣ እዚያው ሮም፣ የጉትማን ባለ ዊልቸር ስፖርተኞች ውድድራቸውን ጀመሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው እሱን ነው። አበበ ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው የስቶክ ማንዴቪል ውድድር ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ያረፈውም ከዚያ አደጋ በተከተለ ጠንቅ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነው።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። ሰውዬው ጌርት-ያን ኦስካም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በብስክሌት አደጋ የተጎዳ ነው። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች አንጎሉ ላይ ምልክት የሚቀበል መሣሪያ፣ ከጉዳቱ በታች ደግሞ ሕብለ ሰረሰሩን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ ሌላ መሣሪያ ተከሉለት። መራመድ ሲያስብ ኮምፒዩተር ሐሳቡን ተርጉሞ ወደ ታች ያሻግረዋል። የተቆረጠ መንገድ ላይ ተለዋጭ መንገድ እንደ ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ሲሆን፣ መሣሪያው ጠፍቶም ጭምር በክራንች ጥቂት ይራመድ ነበር።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት ግን ሌላውን ነው፤ ምክንያቱም እሱ የሚፈልገው እጁን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 አሜሪካ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ አንገት ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ የሚሠራ መሣሪያ ፈቀደች። የታሰበው ሕብለ ሰረሰራቸው ሙሉ በሙሉ ላልተቆረጠ ሰዎች ነው፤ ከእጅ ልምምድ ጋር ሲሆን ጣታቸው ላይ ጥንካሬ ያገኙ አሉ።

"እዚህ መቼ ይደርሳል?"

አላውቅም አልኩት። ቢደርስም ልምምዱን የሚያሠራ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ቁስል የሌለው ጀርባ። እሱ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቁስል የለበትም። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም።

ማታ ስወጣ አክስቴ የስልኳን ደወል ለስድስት ሰዓት እየሞላች ነበር። ቀጥሎ ስምንት ሰዓት፣ ቀጥሎ አሥር።